ማር ያልተቀባ አውራ ጣት

በሐምሌ ዝናብ ላይ የሚፎክር ሰው መጨረሻው የሰው በረንዳ ነው። ገበየሁም «ይቺማ ሳትጥል ቤቴ እገባለሁ» ብሎ ከሰቆጣ ገበያ ወጣና ከከተማው ጫፍ ሳይደርስ ዶፉ መለሰው፤ በዓብዱልቃድር ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለለ። ከጋቢው ሥር ነጭ ማር የያዘች ትንሽ ቅል ደብቋል።

በረንዳው ላይ መሰረት ቀድማው ቆማለች። የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳ በከተማው ባለ የሕፃናት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ገበየሁ በዚያን ቀን ሊያገኘው የማይፈልግ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ ማሩ የተገዛው ከእሷ ተደብቆ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትናየት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለች። አባቷ የሻምበል ሞቷል፤ እናቷ ሠርታ ልታሳድጋት ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ከረመ። አክስቷ የራሷን ልጆች ማብላት አቅቷት ለድርጅቱ አስረከበቻት። ድርጅቱ እናቲቱ እስክትገኝ ድረስ ልጅቱን የሚያሳድግ የአደራ ቤተሰብ ይፈልጋል፤ ካጣ ግን አንድም ዘመድ ወደሌላት ደሴ፣ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ መላኳ ነው። የገበየሁ ሚስት ባንቺ ልጅቱን ካየቻት ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ገበየሁም እሺ ብሏል፤ እሑድ ልትመጣ ነው። የእሱ እሺታ ግን ከሆድ ያልወጣ እሺታ ነበር።

መሰረት እጅ ነስታ ስለ ጤናው፣ ስለ ባንቺና ስለ ከብቱ ከጠየቀች በኋላ ዓይኗ ከጋቢው ሥር ብቅ ባለችው፣ አፏን ማር በነካው ቅል ላይ አረፈ።

«ማሩ ለመድኃኒት ነው አያ ገበየሁ?»

ገበየሁ ብዙ ነገር ያውቅበታል፤ ውሸት ግን አያውቅበትም።

«ለልጅቱ ነው» አለ። «እሑድ ሽማግሌ ተቀምጦ አውራ ጣቴን ማር ቀብቼ አጠባታለሁ። እንዳባቶቻችን ወግ የጡት ልጄ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ እናንተም ሆናችሁ እናቷ አምጣ ብትሉኝ ጆሮዬ አይሰማም።»

የተማረ ሰው የድሮውን ወግ መናቅ ይቀናዋል። መሰረት ግን የናቀች ሳይሆን ያዘነች መሰለች።

«እንዲህ ካሉማ የትናየትን እርስዎ ቤት ላስገባት አልችልም።»

ያን ጊዜ ገበየሁ ከዝናቡ ብሶ ወረደባት። ልጅ እንደ በሬ በውሰት ይሰጣል ወይ? በየወሩ እየመጣችሁ ጓዳዬን ልትፈትሹ ነው? ጎረቤትስ እናንተ ለምትሰጡት የእርዳታ ዘይት ሲል የሰው ልጅ ሰበሰበ አይለኝም? መሰረት ሳታቋርጠው አዳመጠችና በትሕትና መለሰችለት። የምንመጣው ልጅቱ መብላት መጠጣቷን፣ መማሯን ለመጠየቅ ነው፤ አደራ ያስቀመጠ አደራውን ቢጠይቅ ነውር የለበትም አለችው። የጎረቤትም አፍ ልጅቱ በመስከረም ደብተር ይዛ ስትወጣ ይዘጋል ስትልም አከለች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዋናው ጥያቄ የገባችው።

«ዓረብ አገር የሄዱት ጎረቤቶች በሬያቸውን ማን ዘንድ ትተው ሄዱ?»

«እኔ ዘንድ ነዋ። ማን ይታመናል?»

«ሲመለሱስ፣ ለምጄዋለሁና አልሰጥም ብለው ያውቃሉ?»

«እኔ? አደራ በላ ልባል?»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ራሱን ቆነጠጠው። ከሱቁ ውስጥ ጆሮውን አቁሞ የነበረው ዓብዱልቃድር ሳቀበት። በእነሱ በሙስሊሞቹ ዘንድ የሙት ልጅ ማሳደግ ትልቅ ጽድቅ መሆኑን፣ ያባቱ ስም ግን እንደማይነካ ነገረው። «ያንተስ አያት የሹም የጡት ልጅ አልነበሩም? በማን ስም ተጠሩ?» ሲል ጠየቀው።

«ባባታቸው» አለ ገበየሁ፣ እየከበደው። ማሩ ለካ ያባትን ስም ፍቆ አያውቅም። ያም ሆኖ ሆዱ አልተፈታም፤ ነገሩ የወግ ጉዳይ ብቻ አልነበረምና።

«በሬ ሲሄድ አያስለቅስም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዲት ልጄን ትርንጎን ዓረብ አገር ሸኝቻለሁ። ዳግመኛ ልጅ መሸኘት አልችልም።»

መሰረት ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሆኖም ነገሩን አላለዘበችውም።

«ትርንጎ ልጅ ትታ ሄዳ ቢሆን ኖሮ፣ ስትመለስ ያሳደገው ሰው ምን እንዲላት ይፈልጉ ነበር?»

ገበየሁ ወደ ሱቁ ስልክ ተመለከተ። የትርንጎን ድምፅ የሚሰማው በዚያ ስልክ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሰው ሁሉ ከበረንዳው ሲበተን እሱ ቆሞ ቀረ፤ በመጨረሻ ጋቢውን አጣፋና «እሑድ አምጫት» አለ።

«ማሩስ?»

«ማሩን ለእኔ ተይው።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደ ተጠሩ በገበየሁ ቤት ተቀምጠው ጠበቁ። የትናየት የመሰረትን ቀሚስ ይዛ ገባች። ባንቺ ዳቦ ቆረሰች፤ ገበየሁም ቅሏን አውጥቶ ማሩን በዳቦው ላይ አፈሰሰና ለልጅቱ ሰጣት። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ምንዋጋው፣ ጣትህን ረሳህ እንዴ ብሎ ጠየቀው።

«አልረሳሁም» አለ ገበየሁ። «ይቺ የየሻምበል ልጅ የትናየት ናት። እናቷ እስክትመጣ ድረስ አደራዬ ናት። ካገሯና ካክስቷ ሳትለይ ታድጋለች፤ በመስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ባንቺም ማልዳ የምትቀሰቅሰው ልጅ አገኘች። እናቷ ስትመጣ ልጇን አድጋ፣ ያባቷን ስም ሳትረሳ ታገኛታለች። በሬ በአደራ የምንቀበል ሰዎች ልጅ መቀበል እንዴት ያቅተናል? ያንተም ቤት ሰፊ ነው ምንዋጋው፤ አስብበት።»

ምንዋጋው ጢሙን እየዳበሰ፣ ከሚስቱ ጋር እንደሚመክር ተናገረ። መሰረትም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ የትናየት ደሴ መሄዷ ቀረ።

የትናየት ማሩን ከጣቷ ላይ ልሳ ገበየሁን ቀና ብላ አየችው።

«እናቴ ስትመጣ ይሄን ቤት ታውቀዋለች?»

ገበየሁ ይህን ጥያቄ ሲፈራው ነበር የከረመው። አሁን ግን መልሱ አልጠፋውም።

«አታውቀውም» አላት። «መኪና መውረጃው ድረስ ሄጄ የምቀበላት እኔ ነኝ። አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

ልጅቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ባንቺም ዳቦ ጨመረችላት።