በሆስፒታሉ በር ላይ የቀረው ሰንጢ

ሰው ካረጀ በኋላ መፈተሽ አይወድም፤ ክብሩን የነኩበት ይመስለዋል። ጫማ ሰፊው ሽማግሌም ፊታቸውን አጨፍግገው የሆስፒታሉ በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ዘበኛው የምሳ ዕቃቸውን ከፈተና ከታችኛው ሳህን ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ሰንጢ አወጣ።

«አባት፣ ትናንት ምን ብዬዎት ነበር?»

«በኪስ ይዞ መግባት ክልክል ነው አልከኝ። መቼ በኪሴ ያዝኩት?»

ቀልዳቸውን አልነበረም። ሽማግሌው ከልባቸው ሕግ ያከበሩ መስሏቸዋል። ዘበኛው ግን ደብቀው ሊያስገቡ ነው ብሎ ፖሊስ ለመጥራት ስልኩን አነሳ። የመጠየቂያው ሰዓት ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ ባለቤታቸው ደግሞ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይገባሉ። ዛሬ ሳያዩዋቸው ቢቀሩስ?

በዚህ መሀል ጠበቃ የሆነች የጎረቤታቸው ልጅ እግር ጥሏት፣ የታመመች ባልደረባዋን ጠይቃ ስትወጣ አየቻቸው።

«አባባ! ምን ሆኑብኝ?»

«ተይኝ ልጄ፣ በስተርጅና ወንጀለኛ ተባልኩልሽ።»

ዘበኛውን አምስት ደቂቃ እንዲታገሳት ለመነችና ሽማግሌውን አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ይህ ሰንጢ አርባ ዓመት ከኔ አልተለየም» አሉ። «ለሚስቴ ብርቱካን የምልጥበት ነው። እስቲ ማንን ወጋሁበት?»

«ማንንም አልወጉም። ሕጉ ግን የእርስዎን ደግነት በምን ያውቃል? ሱቅዎ ውስጥ ቆዳ ሲቆርጡበት የሥራ ዕቃ ነው። ለሥራ ሲሄዱ ከመሣሪያዎ ጋር በከረጢት ቢይዙትም ምክንያትዎ ይታያል። ሆስፒታል ወይም ሰው የሚጋፋበት ቦታ ይዘውት ሲገኙ ግን ‹ለምን ያዙት?› መባልዎ አይቀርም። ደብቀውትማ ከተገኙ ማን ያምንዎታል?»

«ዱርዬ ቢገጥመኝስ? ባዶ እጄን ልሙት?»

«እርስዎ ሰንጢ ሲያወጡ እሱም የባሰ ያወጣል፤ ቀምቶ በራስዎ ሰንጢም ሊወጋዎት ይችላል። ደግሞስ አባባ፣ ንዴት ሽማግሌና ወጣት ይለያል?»

ሽማግሌው አቀርቅረው ጫማቸውን አዩ።

«ገብቶ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑ?»

«እጄ፣ ኪሴ ውስጥ። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ ገፈተረኝ። ‹ቀስ በል እንጂ› ስለው ሳቀብኝ። እጄ ሳላዘው ሰንጢውን ጨበጠ። የልጅ ልጄን የሚያህል ልጅ! አውቶቡሱ ባይደርስ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም ልጄ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።»

ጠበቃዋ ያንን በወስፌ የደነደነ እጅ ያዘች። ሕግን የምንጣላው አብዛኛውን ጊዜ በራሳችን ስለምንተማመን ነው፤ የተቆጣ እጅ ግን ጌታውንም አይሰማም።

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?» አለች። «ሱቅ ይተዉት። በየበሩ አይዋረዱም፣ ከፖሊስ ጋር አይጨቃጨቁም። ቢገፈትሩዎት ደግሞ ተቆጥተው በሰላም ቤትዎ ይገባሉ።»

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ዘበኛው ሄዱ።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ሰንጢው አንተ ጋ ይቆይ፤ ስወጣ በቀጥታ ሱቄ አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በመንገድ አታየኝም።»

ዘበኛው ጠበቃዋን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ስልኩንም ኪሱ ከተተ።

«ይግቡ አባት፣ ሰዓት እያለቀ ነው።»

ባለቤታቸው ትራሱን ተደግፈው ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌው የዘገዩበትን ምክንያት፣ የጎረምሳውን ነገር ሳይቀር፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ቁጣ ሲጠብቁ የባለቤታቸው ዓይን እንባ ሞላ።

«በዘገየህ ቁጥር ምን አስብ እንደነበር ታውቃለህ?» አሉ። «ሰው ገደለው ብዬ አልነበረም የምፈራው። በዚያ ሰንጢ እሱ ራሱ ሰው ገደለ ይሆን እያልኩ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?»

«ነገርኩህ እንጂ! ታኮርፍና ትተኛለህ።» የባላቸውን ክንድ ስበው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። «በል፣ እንኳንም ሰንጢውን ተውከው። ነገ ቀዶ ጥገና ክፍል ስገባ የምፈራው ለራሴ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀላል ነው።»