ሂያም ያፈጠረችበት ሰዓት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሰውዳ ጀማሉ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ሰሊጥ አበጣሪ
ትምህርት፦ ማንበብና መጻፍ በራሷ የተማረች
አድራሻ፦ ሱዳን፣ ገዳሪፍ
ቃሉ የተሰጠበት፦ መተማ ዮሐንስ፣ ዓርብ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሂያም የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ደላላው ሉጥፊ ጎረቤታችን ነው፤ ቤቱም ቤቴም ከአንድ መስጊድ አጥር ሥር ነው። ኩዌት የቤት ሠራተኛነት አግኝቼላታለሁ ብሎ ባለፈው እሑድ ወሰዳት። ከፖርት ሱዳን ዱባይ፣ ከዱባይ ኩዌት ትበራለች አለ። ይራራቃሉ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀና፣ "ጎረቤት አገር እኮ ነው እቴ፤ ወንበሩ ሳይሞቅላት ትወርዳለች" አለኝ።

ማክሰኞ መጋቢት 9 ቀን፣ በገዳሪፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሂያም ከዱባይ ደውላ አውሮፕላን ውስጥ እየገባሁ ነው፣ ጾሜንም ነኝ አለችኝ። ከዚያ ስልኳ ተዘጋ። የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ወደ ሰሊጡ ከተመለስኩ በኋላ፣ የአስር ሶላት ገና ሳይደርስ፣ 7 ሰዓት ተኩል ላይ የድምፅ መልእክት ላከች። እኔን አክስቷን ኻልቲ ነው የምትለኝ፤ ቃሏ ይህ ነው፦ "ኻልቲ፣ አሁን ወረድን። መንገዱ ረጅም ነው፣ ወገቤ ተቆረጠ። ፀሐይ ገብታለች፣ በውሃ አፈጠርኩ። እናንተስ?" አብራ የላከችው ፎቶ የመሸ ሰማይ ያሳያል። እኛ ዘንድ ቀትር ነበር። መልሼ ስደውል ስልኳ አልሠራም።

ሟች ባለቤቴ ኩዌት ግንበኛ ሳለ በየረመዳኑ እንደዋወል ነበር። ቀድሞኝ አፍጥሮ፣ "እኔ ጠግቤያለሁ፣ አንቺ ታገሺ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የሚቀድመኝ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ተጠራጥሬ ገበያው ውስጥ ቲኬት ወደሚሸጠው አኑዋር ሄድኩ። ከዱባይ ኩዌት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ትንሽ ነው፣ በረራውም ሁለት ሰዓት አይሞላም አለኝ። የተነሳችበትንና የመሸባትን ሰዓት ስነግረው በስልኩ አሰላ። ስድስት ሰዓት ያህል ተበርሮ በዚያን ጊዜ የሚመሸው ባንኮክ ነው፣ ወደ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል አለ። "እዚያ ደግሞ ማን ቤት ልትሠራ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሉጥፊን በቀትር አፈጠርኩ ማለቷ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ መንገደኛ ስለሆነች ጾሟን ፈትታ ይሆናል፣ ያንቺ ልብ ክፉ ክፉውን ያስባል አለኝ። ፎቶውን አላሳየሁትም። ረቡዕ ምሽት ከማላውቀው ቁጥር ጽሑፍ ገባ፦ "አክስቴ፣ ሂያም ነኝ፣ ስልኬ ተሰብሮ ነው። ኩዌት ደኅና ነኝ። አሁን አዛን ተባለ፣ ልናፈጥር ነው።" ይህ ሲገባ የእኛ መስጊድ አዛን ገና አላለቀም፤ ተምሩም በእጄ ነበር። በዚያ ሰዓት ኩዌት ያለ ሰው በልቶ ጨርሷል፣ ባንኮክ ያለ ሰው ተኝቷል። ይህን የጻፈው ሰው እኔ የሰማሁትን አዛን የሰማ ነው ብዬ አምናለሁ። "ረመዳን ከሪም" ብቻ ብዬ መለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሉጥፊ መጥቶ፣ "አሁንስ ልብሽ አረፈ?" አለኝ። የረቡዕ ምሽቱ መልእክት እንደደረሰኝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከዚያም ነገ ቅዳሜ ከጎንደር የሚመጡ ሁለት ልጃገረዶችን ሊወስድ መተማ እንደሚሻገር፣ እናቶቻቸው ስለፈሩ ሂያም ደኅና መግባቷን እዚያው ተገኝቼ እንድነግራቸው ለመነኝ። እሺ አልኩት። ዛሬ ቀድሜው የተሻገርኩት፣ ሳይሸሽ ተይዞ ሂያም ያለችበትን እንዲናገር ነው። ነገ አውቶቡስ ተራ ከእናቶቹ አጠገብ እቆማለሁ። ቀርቦ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እሱ ነው።

ቃሌ ተነቦልኛል፣ ራሴም ደግሜ አንብቤዋለሁ። አኑዋርና ሉጥፊ ያሉትን እንዳሉት ተናግሬያለሁ፤ የቀረው ራሴ ያየሁትና የሰማሁት እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሰውዳ ጀማሉ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ደረሰ አስናቀው