አራት ቁጥር መብራት

እንደምን አደርክ፣ ኤልዉድ? ዶናትም ይዘህ መጣህ? ተባረክ! ዝናቡ እንኳን አባራ፤ ለትርኢቱ በሩ ሲከፈት ሕዝቡ ጭቃ ይዞብን አይገባም። ና፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጥ፤ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሲቀዘቅዝ አይጣል ነው። ኧረ በዚያ በኩል አይደለም… ከጠረጴዛው ሥር የወጣውን እግር እንዳትረግጥ። የኤሌክትሪክ አዋቂያችን ሽቦ እየበየዱ ነው፤ አንረብሻቸው።

የያዝከው የዛሬዎቹን ነጂዎች ዝርዝር ነው? እስቲ ልየው… እኔ የለሁበትም? የሞዴል ባቡር ክበባችን ሊቀ መንበር አንተ ነህ፣ ታውቃለህ። ደግሞስ እጇ ይንቀጠቀጣል የተባለች ሴትዮ ባቡር ትንዳ እንዴ?

ሠላሳ አንድ ዓመት ማማ ላይ ቁጭ ብዬ የትልቁን ባቡር ሐዲድ ስቀያይር አንድ ፉርጎ አልወደቀብኝም። ያ ድሮ ነው። እዚህ በትንሹ ሐዲድ ግን ባለፈው ወር እኔ ስነዳው የወንድሜ የካስፐር ባቡር መንገድ ስቶ ከጠረጴዛው ወደቀና ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። አሥራ አንድ ዓመት በእጁ የሠራው ባቡር! እኚህ ከሥር ያሉት አዋቂ ታዲያ መረመሩና "የአራት ቁጥር ሐዲድ መቀየሪያ ደህና ነው፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ቬልማ እጇ ከድቷት ነው" አሉ። አዋቂ ተናገረ፣ አለቀ። ካስፐርን በመጋቢት ቀበርኩት፣ ባቡሩን በመጥረጊያ ጠርጌ አነሳሁት፣ በዚያ ላይ ደግሞ "እጇ" ተባልኩ። 

ግን ሙያቸውን ማን ይክዳል? ሽቦዎቹን አይተሃቸዋል? ሁሉም ቢጫ! ሌላው ሰው ቀይ ነው፣ ጥቁር ነው እያለ ይለያል፤ ምልክት የሚያደርገው እኮ እሳሳታለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ነው። እሳቸው ምን አስጨነቃቸው?

እኛማ ማማው ላይ ሞኞች ነበርን። መብራቱን ያሰርነው ከሐዲዱ ጋር ነው፤ ሐዲዱ ዞሮ በደንብ ካልገጠመ አይበራም። ስንቴ ተቀምጠን ጠበቅን መሰለህ! እሳቸው ገላገሉን። መብራቱን ከቁልፉ ጋር አሰሩት፤ ቁልፉን ስትጫን ይበራል። ሐዲዱ ዞረ አልዞረ ማን ይጠይቀዋል? ምንጊዜም "እሺ ጌታዬ" የሚል መብራት… ሚስታቸው እንኳን እንዲህ አልተመቸቻቸውም።

እስቲ አራት ቁጥርን ተጫንልኝ። በራች? ስታምር! አሁን ጎንበስ በልና ሐዲዱን እየው… ንቅንቅ አላለም አይደል? በምን ይነቃነቅ? ሐዲዱን የሚያዞረው ሞተር ሽቦ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ይቻትና። ሰኞ ማታ ነው የነቀልኳት። ጥፋተኛ ነኝ፣ ብትፈልግ ቅጣኝ። ግን የፍተሻ ደብተሩን ግለጠው፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዛሬ ጠዋት። ሦስቴ ፈትሸው "አራት ቁጥር፣ ፍጹም ደህና" ብለው ፈርመዋል። የፊርማቸው ማማር!

አሃ፣ ከሥር ሊወጡ ነው መሰለኝ። ቀስ ብለው እንዲወጡ ንገራቸው ኤልዉድ፣ ጭንቅላታቸውን እንዳይመታቸው… የክበባችን ሀብት ነው።

እስክሪብቶ ነው የምትፈልገው? እንካ። "ቬልማ" ብለህ በትልቁ ጻፍ፤ የመጀመሪያውን ዙር እኔ ነኝ የምነዳው። ሽቦዋንም ራሴ እመልሳታለሁ፤ ባቡሬን ከማስነሳቴ በፊት ደግሞ ሐዲዱን በዓይኔ አያለሁ፣ የድሮ ሰው ነኝ።

እሳቸውን ግን እንዳትቆጣቸው፣ አደራ። እኔ ቂም የለኝም፤ እንዲያውም በየእሑዱ እጸልይላቸዋለሁ። እግዜር ጤናና ዕድሜ ይስጣቸው፣ እኔ ካለሁበት ከሰባ ስድስት ያድርሳቸው። ያን ጊዜ እጃቸው የታማ እንደሆነ… እንደሳቸው ያለ አዋቂ መርምሮ ይመስክርላቸው።