ሥራ ፈት ስምንት ጣቶች

አጎቱ ከጽሕፈት ሱቁ ደጅ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ከጎረቤት ፀጉር አስተካካይ ጋር ስለ ፀሐዩና ስለ ወገባቸው ሲያወሩ ቆዩ። ወትሮም ወሬያቸው ከዚህ አያልፍም። ስለዚህ የእህታቸው ልጅ ከውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ እየተየበ ጆሮ አልሰጣቸውም።

«ለመሆኑ አንተ መቀስህን በስንት ጣት ነው የምትይዘው?... በአምስቱም? ብክነት ነው ልጄ። አንድ የማውቀው ሰው አለ... ሥራ ላይ ስለሆነ ስሙን ባልጠራው ይሻላል። አቤት ቁጥብነቱ! በሁለት ሌባ ጣቶች ብቻ የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ ይጽፋል። ስምንቱማ ባላባቶች ናቸው፣ ተንጋለው ይውላሉ።»

ከውስጥ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ ዘገየ።

«ማንም አላስተማረውም እኮ፤ ራሱን በራሱ ነው! ፎቅ ላይ ፊደሉን ሳያዩ በዐሥር ጣት መጻፍ የሚያስተምሩበት የማታ ትምህርት ተከፈተ ቢሉት፣ እጄ ለምዷል፣ እንደገና ስማር ወር ሙሉ ከምንቀራፈፍ ይቅርብኝ አለ። እውነቱን ነው። ዓይኑን ሲያነሳ ፊደሎቹ ተነሥተው ቢሄዱስ?... ዘበኛም እንዲህ አይጠብቅ።»

አስተካካዩ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ያቺ የማዶዋ ልብስ ሰፊ የለችም? በየሰበቡ አንዲት ወረቀት ይዛ የምትመላለሰው... ትናንት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ገባች። ‹የማታውን ትምህርት አብረን ብንጀምርስ? ስንወጣም አብረን እንሄዳለን› አለችው። ቀና ሳይል ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‹ስንት ኮፒ?›»

ቀጭ ቀጩ ጸጥ አለ። የልጁ ሁለት ጣቶች አየር ላይ ቀሩ። አዎ፣ ትናንት አንዲት ደንበኛ መልስ ሳትሰጠው ወጥታለች። ሐሳቧን ቀይራ ነው ብሎ ነበር የተወው። ቀሚሷ ምን ዓይነት እንደነበር ሊያስታውስ ሞከረ፤ ትዝ ያለው የፊደል ገበታው ብቻ ነው።

«እኔ ለሥራው ያለውን ፍቅር ነው የወደድኩለት። እሷ ምን ታድርግ፣ ብቻዋን ተመዘገበች። አስተማሪው ገና አላገባም አሉ። እየጻፈም የሰው ፊት ያያል አሉ... ይሄ እንኳ ዓይን አውጣነት ነው።»

ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ወደ ውስጥ አላዩም።

«ብቻ አሜን በል ልጄ፣ እግዜር ሁለቱን ጣቶቹን ይባርክለት። ስምንቱንም እንዳማረባቸው ያቆይለት። የእሷንም ቀን ያድርስና፣ የሠርግ መጥሪያዋን የሚጽፈው እሱ ይሁን... ቀና ስለማይል፣ የማን ሠርግ እንደሆነ ሳያውቅ በሰላም ይጨርሰው።»