ማዳበሪያ ነው የምታጠናው

2016 ዓ.ም. ነበር፤ መቂ ላይ ሙቀቱ በርትቶ ነፋሱ አቧራ ያነሳል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ጫልቱ ከአዳማ መጥታ አብረን ሽንኩርት እንሞላለን። "አባባ፣ ሐሙስ የመመረቂያ ጥናቴን ሰው ፊት አቀርባለሁ። ይመጣሉ?" አለችኝ። "የማዳበሪያውን?" አልኳት። በስልክ ማዳበሪያ ነው የማጠናው ብላኝ፣ ልጄ መሬታችንን ልታክምልን ነው እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። "አዎ፣ ይሄንን" ብላ ሽንኩርት የምንሞላበትን ከረጢት አነሳች። እኔ የአፈሩን ማዳበሪያ ስል፣ እሷ ለካ መያዣውን ነው። "ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለባዶ ከረጢት ነው?" ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እንደማልመጣ ገባትና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ቢሆንም ከከረጢቱ አንድ ክር መዝዛ "እስቲ ይበጥሱት" አለችኝ። ጣቴን ከረከረኝ እንጂ አልተበጠሰም።

"ክሩ የጥቃቅን ቅንጣቶች ሰንሰለት ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በጎኗ አንድ እጅ አላት እንበል። ሲቀጣጠሉ እጆቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ከዞሩ፣ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ክሩም ይጠነክራል።"

"አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ቢዞርስ?"

"ቅንጣቱ ያው ሆኖ እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ ነገር ይወጣል። ሽንኩርት ቀርቶ ገለባም አይይዝልዎትም።"

"ታዲያ ወደ አንድ ጎን የሚያዞራቸው ማን ነው?" አልኳት ሳላስበው።

"ሐሙስ የምናገረው እሱን ነው" ብላ ሳቀች።

ውሃ ማጠጣቱን ለወንድሜ ሰጥቼ፣ ሐሙስ ጠዋት አብሬያት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።