የጋሼ ላባ ሣጥን

ወንድሜን ለመሸኘት ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች፤ አብዛኞቻችሁ ጋሼ ላባ እያላችሁ የምትጠሯቸውን የታላቅ ወንድሜን ዜና ሕይወት እንዳነብ ልጃቸው አደራ ብላኛለች። ሰባ ሦስት ዓመት የተኖረ ሕይወት በሁለት ገጽ የሚያልቅ ባይሆንም፣ የማውቀውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ አነባለሁ። በመካከሉ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ ያወቅሁት፣ የአንድን ሰው ስም ያጠፋ ነገር አለ፤ ቦታው ሲደርስ እርሱንም አነበዋለሁና እስከዚያው ታገሡኝ።

ጋሼ ላባ ከጫማ ሰፊው አባታችንና በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን፣ ከወደቡ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ክርን በሰም ማሸት፣ ቋጠሮን ጥርስ ሳይነካው ማጥበቅና ትርፉን ከሥሩ መቁረጥን ገና ፊደል ሳይለዩ ከአባታችን ጉልበት ሥር ተቀምጠው የተማሩ ሲሆን፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የተወለድሁት እኔ ግን ከዚያ ቤት የተማርሁት ዕቃ ማሻሻጥ ብቻ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው በሒሳብ ደህና፣ በጠባይ ደግሞ እንደ ነገሩ ሆነው ሲማሩ፣ አራተኛ ክፍል ሳሉ የርእሰ መምህሩ አውራ ዶሮ አንድ ጧት ያለ ጅራት ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ተገኘ። የጅራቱ ላባ ከወንድሜ ደብተር መካከል በመገኘቱ ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ቢታገዱም፣ ሳምንቱን በዚያው ላባ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ ከረሙ። ላባ የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ ጋሼ የሚለው ከሽበት ጋር መጣ።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአንድ ሶፋ ሠሪ ቤት ተቀጥረው አሥራ ሁለት ዓመት ከሠሩ በኋላ፣ መስኮት ሥር አንዲት ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ከጠርዟ ላይ አውራ ጣት የምታህል ሞርሳ ተክለው፣ መንጠቆ በዚያች ሞርሳ እያስነከሱ ላባና ጠጉር በክር የሚያስሩበትን የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ከእጃቸው የወጣ መንጠቆ ውኃ ላይ ሲያርፍ እንኳን ዓሣ፣ አጠገብ የቆመ ሰው ነፍሳት መስሎት እጁን ያወናጭፍ ነበር። በዚሁ ጊዜ ከአንዲት የመዋለ ሕፃናት መምህርት ጋር ትዳር መሥርተው መጀመሪያ ወንድ፣ ቀጥሎም ሴት ልጅ ወለዱ፤ ወንዱ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሴቷ ነርስ ሆነዋል።

ዘመኑ ሲለወጥ ለስላሳው የፕላስቲክ ትል መጣ። ወደዚህ ሐይቅ ያመጣሁትም እኔ ነኝ፤ ወደቡ አጠገብ በከፈትሁት የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ቀይ፣ ሐምራዊና ጥቁር ሆኖ በብልቃጥ ተደርድሮ፣ ሲነኩት እየተርገፈገፈ፣ እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር። ባስ የሚባለው አፈ ሰፊ ዓሣ ይህን ትል ሲያይ ራሱን አያውቅም። ወንድሜ ግን አንድ ቀን እኔው ያጠመድሁትን ባስ ሆዱን ሲቀዱት፣ ውኃ ጠጥተው ያበጡ ሦስት የፕላስቲክ ትሎች አገኙበት፤ ዓሣው ሆዱ እንደ ሞላ በረሃብ መንምኖ፣ ከራሱ በታች እንደ ቀበቶ ሳስቶ ነበር። ሦስቱንም አጥበው ሱቄ ድረስ መጥተው ባንኮኒዬ ላይ ደረደሩና «ዕቃህን ተረከብ፤ ተመላሽ ነው» ብለውኝ ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕላስቲኩ የሚያደርገውን ሁሉ በጠጉርና በላባ ለማድረግ ቆርጠው ተነሡ። የጥንቸል ቆዳ በቀጭኑ እየሰነጠቁ፣ አፍንጫው ቀድሞ እንዲሰምጥ የብረት ዶቃ እያሰሩ፣ ጅራቱ ከወለሉ ቀና እንዲል ስፖንጅ ከሥሩ እየደበቁ፣ እያንዳንዱን ገላ መታጠቢያው ውስጥ ይፈትኑት ስለነበር፣ ባለቤታቸው «እኔ ከትል ጋር መታጠብ ለምጃለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ግን አስጠንቅቁልኝ» ይሉ ነበር። የፕላስቲኩ ትል ቆሞም ጅራቱ ትንሽ ይርገበገባል፤ ያቺን ትንሽ መርገብገብ በጠጉር ለማምጣት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ስትሳካላቸው በእግራቸው ሱቄ ድረስ መጥተው፣ በባልዲ ውኃ አሳይተውኝ፣ ውኃውን ደጄ ላይ ደፍተው ሄዱ።

ከየዓይነቱ መጀመሪያ የተሳካውን «እናት» ይሉት ነበር። መለኪያም ሆነ አሠራር በወረቀት አስፍረው አያውቁም፤ አዲስ ሲያስሩ እናቲቱን ፊታቸው አስቀምጠው እያዩ ነው። ሠላሳ ስምንት እናቶች በአንዲት ክዳኗ በሚያሳይ የፕላስቲክ ሣጥን ተደርድረው ነበር። ሣጥኗም ጊዜው ሲደርስ ለወንድ ልጃቸው እንደምትሰጥ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ልጁ ከአውቶቡሱ ወርዶ ጠረጴዛው አጠገብ ሲቀመጥ የሁለቱ እጅ አይለይም ነበርና።

እንግዲህ ያልኋችሁ ቦታ ይህ ነው።

ወንድሜ የእኔን ትልና የእርሳቸውን ትል ሦስት ርምጃ ርቆ የሚለይ ዓይን አልተፈጠረም እያሉ ይፎክሩብኝ ነበር። እኔም አንድ ቀን ቡና ሊያፈሉልኝ ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ከኪሴ ሁለት ጥቋቁር የፕላስቲክ ትሎች አውጥቼ ከእናቶቹ መካከል አጋደምሁና ክዳኑን ገጠምሁ። ሳይለዩዋቸው ሲቀሩ ልስቅባቸው ነበር። ሆኖም በዚያው ሳምንት ዓይናቸው በሞራ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪሙም ሦስት ወር ሥራ ከለከላቸው፤ ሣጥኗን ልጃቸው አብረው ሐይቅ የሚወርዱበት ቀን እስኪደርስ በራሱ መኪና አኖራት፤ እኔም ቀልዴን ረሳሁት።

በተፈቀደላቸው የመጀመሪያ ቀን አባትና ልጅ ሐይቁ ዳር ሄደው ሣጥኗን ሊከፍቱ ቢሞክሩ ክዳኗ ተጣብቆ እምቢ አለ። በቢላዋ ሲከፍቷት ጉበት የመሰለ አንድ እብጠት ሆና፣ ስፖንጁ ሟሙቶ፣ ቫርኒሹና ቀለሙ ፈስሶ፣ ጠጉሩና ላባው በሙጫ እንደ ተነከረ ጨርቅ ተጨማዶ ተገኘ። ልጁ ያን ሰሞን መኪናውን ፀሐይ ላይ ሲያቆም ሰንብቶ ነበር። ወንድሜ ሣጥኗን ዘግተው በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ።

እኔ የደረስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ሣጥኗን ሳያት ክው አልሁ፤ ሽታው ራሱ ነገረኝ። ለስላሳው ፕላስቲክ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር አይቀመጥም፤ ይበላዋል። ይህን ለሃያ ዓመት ለእያንዳንዱ ገዢ ብልቃጡን ባስረከብሁ ቁጥር ስናገር ኖሬያለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ትሉን ቤታቸው አስገብተው ስለማያውቁ አያውቁትም። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ «አጎቴ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ሙቀት እንዲህ ያደርጋል?» አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሙቀት ነው» አልሁ።

ወንድሜ የሰሙት ይህንን ነው። ልጃቸውንም «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት፤ እርሱም አልረገጠም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። እናቶቹን ከልባቸው እያስታወሱ እንደገና ለማሰር ሁለት ዓመት ታገሉ፤ ሦስቱን ብቻ መለሱ። በሦስተኛው ዓመት እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሞርሳዋ አቧራ ለበሰች። ባለቤታቸው አባትና ልጅን ለማስታረቅ ሽማግሌ ልከው፣ አልቅሰው፣ ምግብ ከልክለው ሳይሆንላቸው ከአምስት ዓመት በፊት ዐረፉ፤ ልጁ እናቱን ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ቀበረ። እኔ ነገ ዛሬ ስል ቆየሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መናገር ያሳፍር ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ያስፈራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምን ቃል እንደሚበቃው አላውቅም። ወንድማቸው ሆኜ በየእሑዱ አብሬያቸው እየበላሁ፣ ልጃቸው ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀምጬ ኖርሁ።

ጋሼ ላባ እጃቸውን ያንቀጠቀጠው የነርቭ ሕመም ወደ ጉሮሯቸው ወርዶ መዋጥ ሲያቅታቸው፣ በልጃቸው በነርሷ እጅ አሥራ አንድ ወር ሲታመሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጧት ዐርፈዋል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይህ ወረቀት፣ የሣጥኗ ነገር ገና ሳይጻፍበት፣ እንዲነበብላቸው ጠይቀው አንብቤላቸው ነበር። ከመጨረሻው የቤተሰብ ዝርዝር፣ ወንድ ልጃቸው ላይ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው «እሱን አውጣው» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጆሯቸው ይሰማ ነበር፤ አእምሯቸውም ሙሉ ነበር። እኔ ግን ራሴን ነቀነቅሁና በእስክሪብቶ ሰረዝሁት።

የወንድሜ ልጅ ሆይ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመህ አይሃለሁ። ፀሐይዋ አይደለችም፤ አንተም አይደለህም። እኔ ነኝ። አባትህ ይህን ሳያውቁ ሞተዋል፤ ማወቅ የሚችሉበትን ዘጠኝ ዓመት የወሰድሁባቸው እኔ ነኝ፤ የምመልስበት መንገድም የለኝም።

ጋሼ ላባ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተው ሄደዋል። ወንድ ልጃቸው በዚህ ወረቀት ላይ የተሰረዘ በመሆኑ በቃሌ ያነበብሁት ነው፤ ያነበብሁትም አስቀድሜ ነው። ከልጆቹ ቀጥሎ አንድ ወንድም የሚል ተጽፎ ነበር፤ እርሱን አላነበውም።

ፈጣሪ ለወንድሜ ነፍስ እጅ የማይንቀጠቀጥበትን ማረፊያ ይስጥልን፤ እዚህ ያልሰሙትንም እዚያ ያሰማልን። ለእኔ መጸለይ የሚፈልግ ሰው ቢኖር አስቀድሞ ልጁን ያስፈቅድ።