ግርማ የማያቅፍበት ምክንያት

ግርማ ባለፈው ዓመት የእህቴን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ ላቅፈው ስጠጋ ወደ ኋላ ብሎ እንደ ባለሥልጣን እጁን ብቻ ዘረጋልኝ። ሰው ሁሉ አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም ብዬው አላውቅም። ሰሞኑን በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኢስት ኮልፋክስ በሚባለው ጎዳና ስሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሐበሻ የፓርኪንግ ሠራተኞች ያወራሉ።

«ጋሽ ግርማ ሽጉጥ ታጥቀው እንደሚዞሩ ታውቃለህ?»

«ዳውንታውን አብረውን የሚሠሩት?»

«አዎ። ከተዘረፉ ወዲህ ከወገባቸው አይለይም። ፈቃድም አላቸው።»

«በምን አወቅህ? ይደብቁት የለ እንዴ?»

«ከፈረንጅ ይደበቃል። ከሐበሻ እንዴት ይደበቃል? ለበዓል ሳቅፋቸው ብረቱ ጎኔን ወጋኝ።»

«ሌላውም ሰው አውቋላ።»

«እንዳይታወቅባቸው ማቀፍ ትተዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ እጅ ብቻ ነው የሚሰጡት።»

«ሌባ ቢመጣስ ያወጡታል?»

«ሹራብ፣ ኮት፣ ጃኬት ደርበውበት? ሌባው ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋ።»

እሑድ አንድ ክርስትና ላይ ግርማን በሰው ሁሉ ፊት ወገቡን ጥብቅ አድርጌ አቀፍኩት፤ የልጆቹን ጤና አንድ በአንድ ጠይቄ እስክጨርስም አልለቀቅኩትም።